ከመኪናው ፊት ውሃ የሚገቡት አዴ ብርቄ

አዴ ብርቄ ማረፋቸውን የሰማሁት ሰበታ፣ ልጄ ቤት በር ላይ ፀሐይ እየሞቅኩ ነው። ስልኩን ልጄ አንስታ «አባባ፣ ግርማ ነኝ ይላል፣ የሱሉልታው» ብላ አቀበለችኝ። ግርማ የአዴ ብርቄ ልጅ ነው። ገና ድምፁን ስሰማ ምን ሊለኝ እንደሆነ ገባኝ። በዚህ ዕድሜ ስልክ ሲደወልልኝ ወይ ለቀብር ነው፣ ወይ ተሳስተው ነው።

«ጋሽ በየነ፣ እማዬ አረፈች» አለኝ። በማግስቱ ከቀትር በኋላ ወንዝ ማዶ፣ ከእናት ከአባቷ ጎን እንደምትቀበር ነገረኝ። እመጣለሁ አልኩት። እግሬን ያመኛል፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ታክሲ መቀያየሩ ያደክመኛል። ይሄን ለሱ አላወራሁም። እናቱ የሞተችበት ሰው የኔን እግር ምን ያደርግለታል።

ልጄ ማናቸው ብላ ጠየቀችኝ። አሰሪዬ ነበሩ አልኳት። እሷ ወደ ሥራዋ ገባች፤ እኔ ግን የሰጠሁት መልስ አልጣመኝም። አሰሪ ብዙ ነበረኝ። የአሸዋ መኪና የነዳሁለት አለ፣ አውቶቡስ የነዳሁለት አለ፣ የአብዛኞቹ መልክ እንኳ ጠፍቶኛል። አዴ ብርቄን ግን ዓይኔን ብጨፍን አያቸዋለሁ። ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው፣ ዱላ ይዘው፣ ውሃ ውስጥ ቆመው።

አጭር ሴት ነበሩ። በጣም አጭር። ባላቸው ኦቦ ደምሴ ደግሞ እንደ ባሕር ዛፍ የረዘሙ ሰው ነበሩ አሉ፤ እኔ አልደረስኩባቸውም። በኋላ እኔ የነዳኋትን መኪና የገዙት እሳቸው ናቸው። ረጅም ሻንሲ ያላት ላንድሮቨር ናት፣ ከኋላ ፊት ለፊት የሚያስቀምጥ አግዳሚ ያላት። ከአንድ መሥሪያ ቤት በሐራጅ ወጥታ ነው የተገኘችው፤ ከዚያ በፊት ስንት እጅ እንዳለፈች የሚያውቅ የለም። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ትቀባ ነበር መሰለኝ፤ በሩ ከላይ ግራጫ ነው፣ በሚስማር ብትፍቀው ከግራጫው ስር ነጭ ይወጣል፣ ከነጩ ስር አረንጓዴ። አዴ ብርቄ ቀለም ላስቀባት ብላቸው «ተዋት፣ በሩ ላይ ሦስት መንግሥት አለ፣ አራተኛ አንጨምርበትም» ይሉኝ ነበር።

ኦቦ ደምሴ ሲሞቱ ሰው ሁሉ መኪናዋ ትሸጣለች ብሎ ጠበቀ። ሴትየዋ መንዳት አይችሉም፣ ልጃቸው ግርማ ሱሉልታ ውሃ ፋብሪካ ተቀጥሮ ይሠራል። እሳቸው ግን ነጠላቸውን አጣፍተው ቡራዩ ድረስ ሹፌር ፍለጋ መጡ። እኔ ያኔ ሥራ ፈትቼ አንድ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ሲፈታ እያየሁ እውል ነበር። ቆመው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«መንዳት ትችላለህ?» አሉኝ።

«እችላለሁ።»

«ወንዝስ?»

«ወንዝ አይነዳም» አልኳቸው።

«እንግዲያው አትችልም። ና፣ አሳይሃለሁ።»

ተከትያቸው ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። አነጋገራቸው ገርሞኝ ይሆናል።

መንገዱ እንዲህ ነው። ከሱሉልታ የጎጃሙን አስፋልት ትለቅና ወደ ግራ ትታጠፋለህ። መጀመሪያ ሜዳ ነው፣ ከዚያ የሚያንሸራትት የዋልካ ጭቃ ነው፣ ከዚያ ቁልቁል ወርደህ ወንዙ ጋ ትደርሳለህ። ከወንዙ ማዶ ብዙ ቀበሌ አለ፤ ገበያው፣ ጤና ጣቢያው፣ አስፋልቱ ግን ሁሉም ወዲህ ማዶ ነው። በበጋ አህያም ይሻገረዋል። ሰኔ ሲገባ ግን ከማዶ ያለው ሰው እንደ ታሰረ ነው። ያኔ የሚሻገሩት እንደኛ ያሉ ጥቂት መኪኖች ብቻ ነበሩ። የኛዋ ላንድሮቨር አለች፣ የኦቦ ቱሉ ላንድክሩዘር አለች፣ አንዳንዴ ደግሞ የሌላ ሰው ፒካፕ ይመጣል፤ እሱ ግን ደፍሮ የሚገባው ውሃው ሲቀንስ ነው።

ወንዙ ክፉ ነው። ክፋቱ መሙላቱ አይደለም፤ መሙላቱንማ ታየዋለህ። ክፋቱ በየጎርፉ ወለሉን መቀየሩ ነው። ትናንት ጎማህ የረገጠው ጠጠር ዛሬ ጉድጓድ ሆኖ ይጠብቅሃል፤ ከላይ ሲታይ ውሃው ያው ቡናማ ውሃ ነው። አዴ ብርቄ ለዚህ መላ ነበራቸው። መኪናዋ ከመግባቷ በፊት እሳቸው ይገባሉ። ሁልጊዜ። ቀሚሳቸውን ይሸበልላሉ፣ ጫማቸውን አውልቀው ወንበራቸው ላይ ይተዋሉ፣ ዱላቸውን ይዘው በዝግታ ይሻገራሉ። እኔ በዚያ መሐል የሞተሩን ኮፈን ከፍቼ የማቀዝቀዣውን ቬንትሌተር ቺንጋ እፈታለሁ፤ ካልተፈታ ቬንትሌተሩ ውሃውን እየረጨ ሞተሩን ያጠፋዋል። እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ውሃ እንዳያገኛቸው በፌስታል እጠቀልላለሁ። ከዚያ መሪዬን ይዤ እሳቸውን አያለሁ።

ውሃው ከጉልበታቸው ካላለፈ ዱላቸውን ከፍ ያደርጉና «ኮቱ» ይላሉ፤ በኦሮምኛ ና ማለት ነው። ካለፈ ዱላውን አግድም ይይዙታል፤ ያኔ ሞተር አጥፍተን ወንዙ እስኪጎድል እንቀመጣለን። እየቆየሁ ስሄድ ዱላውንም ማየት ተውኩ፤ ጉልበታቸውን ነው የማየው። እኔ ብቻ አይደለሁም። ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን አውጥቶ ጉልበታቸውን ያያል። «ጉልበት ነው?» ይላል አንዱ፤ «ጉልበት ነው፣ ግባ» ይላል ሌላው። አገሩ በሙሉ እንዲህ ሆነ። ገበያ ላይ ሁለት ሰው ሲገናኝ «ወንዙ ዛሬ አዴ ብርቄን የት ይደርሳቸዋል?» ይባባላል። የኦቦ ቱሉ ላንድክሩዘር ሳይቀር እሳቸው እስኪገቡ ዳር ላይ ቆማ ትጠብቅ ነበር።

እኔ ልግባ ብያቸው አውቃለሁ። አንተ ከገባህ ማን ይነዳል አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ለምን ሌላ ሰው አያስገቡም ስላቸው ደግሞ «መኪናዋ የኔ ናት፣ ሌላ ሰው ለምን ይበርደዋል» አሉ።

በዚህ ብቻ ደግ ሴት ነበሩ እንዳትል። መኪናዋ ላይ አምባገነን ነበሩ። ፊት ወንበር ላይ ከሳቸው ሌላ የሚቀመጠው በሽተኛ ወይም ምጥ የያዛት ሴት ብቻ ነው። ጭቃ ሲይዘን ያልገፋ ሰው ሲመለስ አይሳፈርም። አንድ ጊዜ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰውዬ ጫማዬ አዲስ ነው ብሎ አልወርድም አለ። አዴ ብርቄ እጃቸውን ዘረጉለትና «ጫማህን ስጠኝ እኔ ላድርግልህ፣ አንተ በባዶ እግርህ ትገፋለህ» አሉት። ሰው ሳቀበት። ወርዶ ገፋ፤ ያውም ከሁሉ በርትቶ ገፋ። ከዚያ ወዲያ እኔን ሲያየኝ ሰላም አይለኝም፣ እሳቸውን ግን አጎንብሶ ነው ሰላም የሚላቸው።

ከእኔም ጋር እንጣላ ነበር። ፍሪሲዮን ታቃጥላለህ ይሉኛል፣ መንዳት የማይችሉ ሴትዮ። በአፍንጫቸው ነው የሚያውቁት፤ ሽታው ሳይደርሰኝ ለሳቸው ይደርሳቸዋል። እኔ ደግሞ አልቃጠለም እላለሁ። ተቃጥሎም አልቃጠለም እላለሁ። እንዲህ ስንባባል ነው የኖርነው።

አንድ ክረምት አዴ ብርቄን የሳንባ ምች ጣላቸው። ነሐሴ መሆኑ ነው። እሳቸው ቢተኙም መኪናዋ መቆም አልነበረባትም፤ ግርማ ዕረፍት ላይ ስለነበር በእናቱ ቦታ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጥሩ ልጅ ነው፣ ዝምተኛ፣ የአባቱ ቁመት የወጣለት። ልጅ እላለሁ እንጂ ያኔም የልጆች አባት ነበር።

አንድ ቀን ማዶ አድረን ጠዋት ስንመለስ ሎሚ የምትባል ሴት ምጥ ይዟት ከአማቷ ጋር ሆና ጠበቀችን። የመጀመሪያዋ ነው። ፊት አስቀመጥናት። ወንዙ ጋ ስንደርስ ሌሊቱን ዘንቦ ኖሮ ያጉረመርማል። ግርማ ሱሪውን ሰብስቦ፣ የእናቱን ዱላ ይዞ ገባ። እኔ ቺንጋውን ፈታሁ፣ ካንዴላውን ጠቀለልኩ፣ መሪዬን ያዝኩ። ሰው ሁሉ እንደ ልማዱ አንገቱን አወጣ። ውሃው ጉልበቱ ላይ ነው፤ ከዚያ አላለፈም። ግርማ ዱላውን ከፍ አደረገ። ከኋላዬ ያለው ሰው በአንድ አፍ «ጉልበት ነው፣ ግባ» አለ። ገባሁ።

መሐል ላይ ስንደርስ የመኪናዋ አፍንጫ ወረደ። ውሃ ከስር ወለሉን አልፎ እግሬ ላይ መጣ፣ ከዚያ ወንበሩ ላይ መጣ። ሞተሩ ሳል ሳል አለና ዝም አለ። ውሃው ጎኗን እየመታ ቀስ አድርጎ ያዞራት ጀመር።  ሎሚ ብቻ ታቃስታለች።

ወንዶቹ ዘለው ወረዱና እጅ ለእጅ ተያያዙ። ሎሚን በትከሻቸው አወጧት፣ ከፊት ግርማ ነው። ወዲህ ማዶ መኪና የለም፤ ያለችው አንዷ ውሃ ውስጥ ናት፣ የኦቦ ቱሉዋ ገና አልመጣችም። ከዱላና ከጋቢ ቃሬዛ ተሠራ፤ ዋልካውን እየተንሸራተቱ እስከ አስፋልት ተሸከሟት። ሎሚ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም።

ማታውን አዴ ብርቄ ዘንድ ሄድን። ማን ጥፋተኛ ነው የሚል ነገር ማንም አላነሳም። ሁሉም ግን «ጉልበት ነበር እኮ፣ ጉልበት ነበር» ይላል። እኔም እላለሁ፤ በዓይኔ ነው ያየሁት። ግርማ ከአልጋቸው ጎን ቆሞ መሬት መሬት ያያል። አዴ ብርቄ እያንዳንዱን ነገር ጠየቁ፤ ውሃው የት ጋ እንደነበር፣ ማን እንደገባ። ከዚያ ብርድ ልብሱን ገፍተው ተነሱ። እንዳይወድቁ ልይዛቸው ስል እጄን ገፉኝ። ልጃቸው አጠገብ ሄደው ቆሙ፤ ደረቱ ጋ ነው የሚደርሱት። ጎንበስ ብለው እጃቸውን ጉልበቱ ላይ አደረጉ፤ እጃቸውን ሳያነሱ ሳያወርዱ ወደ ራሳቸው እግር አመጡት። ታፋቸው ላይ አረፈ። ከጉልበታቸው ብዙ በላይ።

 እዚያ የነበርነው ሁሉ ስንት ዓመት ያየነው የወንዝ ጉልበት ሳይሆን የአንድ አጭር ሴት ጉልበት መሆኑ ያኔ ገባን።

«ልጄን ላክሁት» አሉ አዴ ብርቄ፤ «ቁመቱን አላሰብኩም።» ተመልሰው ተኙና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

መኪናዋ በማግስቱ በበሬ ተጎትታ ወጣች። ቡራዩ ወስጄ ሞተሯን አውርደን አጠብናት፤ ካርቡራቶሯ ውስጥ የወንዝ አሸዋ ተገኘ። ተነሳች፤ መኪናዋ እንዲህ ናት፣ አትሞትም። እኔ ነገሩ አለፈ አልኩ። አዴ ብርቄ ሲሻላቸው እንደ ድሮው ይገባሉ፣ እኛም እንደ ድሮው እንሻገራለን። እሳቸውም ገቡ። ግን ከዚያ ክረምት በኋላ የማይሆን ነገር ጀመሩ። ድልድይ መጠየቅ ጀመሩ።

በየሳምንቱ አንዱ መሥሪያ ቤት ይሄዳሉ። ቀበሌ፣ ወረዳ፣ ዞን። የማዶውን ሽማግሌዎች ሰብስበው ይሄዳሉ፣ ሽማግሌዎቹ ሲሰለቹ ብቻቸውን ይሄዳሉ። የሚያደርሳቸው ማነው? እኔ ነኝ፣ በዚያችው መኪና። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና መንገድ ላይ አቆምኩ።

«አዴ፣ ድልድይ ሲሠራ ይቺን መኪና ማን ይሳፈርባታል?» አልኳቸው። «ሚኒባስ ይገባል፣ ባጃጅ ይገባል። እርስዎስ ምን ሊበሉ ነው? እኔስ?»

«እኔ ስሞት ማን ውሃ ይገባልሃል?» አሉኝ።

«ሌላ ሰው ይገባል።»

«ሌላ ሰውማ ገብቶ አየን እኮ፣ በየነ።»

 እኔ ግን አልተስማማሁም፤ ዛሬም ቢሆን አልተስማማሁም። ሌላ አጭር ሰው ፈልጎ ማስገባት ይቻል ነበር፣ ዱላው ላይ ምልክት ማድረግ ይቻል ነበር። ይሄን ነገርኳቸው። ሰሙኝ፤ ዱላው ላይ በቢላዋ ምልክት አደረጉበት፤ በማግስቱ ግን ወረዳ አድርሰኝ አሉኝ።

ኦቦ ቱሉማ ከኔ ይብስ ተናደዱ። የላንድክሩዘሯ ባለቤት ናቸው፤ የሚያሳድጉት ብዙ ልጅ ነበራቸው። ገበያ መሐል ሰው እየሰማ «ብርቄ፣ እንጀራሽን በገዛ እጅሽ ወንዝ ልትከቺው ነው አሉ» አሏቸው።

«እንጀራዬማ ድሮም ወንዝ ውስጥ ነው ቱሉ፤ ላወጣው ነው» አሉ።

ሰው ሳቀ። ኦቦ ቱሉ አልሳቁም። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት እንኳ ሲገናኙ ሁለቱ ጎን ለጎን አይቀመጡም ነበር። አዴ ብርቄ ይሄ ይከብዳቸው ነበር፤ ባላቸውና ኦቦ ቱሉ አብሮ አደጎች ናቸው። ግን አልተመለሱም።

ከብዙ ምልልስ በኋላ አንድ ሹም ወንዙን ሊያይ መጣ። ጥሩ ሰው ይመስላል፣ ደክሞታል፣ ቶሎ አይቶ ቶሎ መሄድ ይፈልጋል። ከዳር ሆኜ ልየው አለ። አዴ ብርቄ ማዶውንም ማየት አለብህ ብለው በልመና ፊት ወንበር ላይ አስቀመጡት፤ እሳቸው ገብተው ለኩና ተመልሰው ከኋላ ተሳፈሩ። ውሃው ከጉልበታቸው በታች ነበር፣ የሚያሰጋ አልነበረም። ገባሁ። መሐል ስንደርስ ከኋላዬ ድምፃቸውን ሰማሁ።

«ዻቢ» አሉኝ። አቁም ማለታቸው ነው፤ ሲቆጡ ኦሮምኛው ነው የሚቀድማቸው።

ውሃ መሐል መኪና አይቆምም። ከቆመ ጭስ ማውጫው ውሃ ይጠጣል፣ ጎማው ይሰምጣል። እየቀለዱ መሰለኝና ነዳሁ። «በየነ፣ አቁም፣ ሞተሩን አጥፋው» አሉኝ በአማርኛ። እንዲህ ባለ ድምፅ አዘውኝ አያውቁም። አጠፋሁ።

ውሃው ጎናችንን መምታት ጀመረ። መኪናዋ ትንሽ ነቅነቅ አለች። ሹሙ እግሩን ወደ ላይ ሰበሰበና ምን ሆነች አለኝ።  አዴ ብርቄ ከኋላ ሆነው በለሆሳስ «ምጥ የያዛት ሴት ውሃ የመጣባት አንተ በተቀመጥክበት ወንበር ላይ ነው» አሉት።  እንዲሁ ተቀመጥን። ውሃው ወለሉ ላይ ሲመጣ የሹሙ ጫማ ረጠበ፣ የኔም ረጠበ። ከዚያ «በል አስነሳት» አሉኝ። በመጀመሪያው አልነሳችም፣ በሁለተኛውም። አምላኬን ጠራሁ። በኋላ ተነሳች።

ሰውዬው ማዶውን አይቶ ሄደ። እኔ ግን አዴ ብርቄን ተናገርኳቸው፤ ውሃው ቢነቅለን ኖሮ ምን ሊሉ ነበር አልኳቸው። «አስቤው ነበር» አሉኝ። 

ድልድዩ የመጣው ያ ሰው ስለፈራ ይሁን ተራው ስለደረሰ፣ እኔ አላውቅም። ቆይቶ ነው የመጣው። እሳቸው በሱ አልኮሩም። ያመጣሁት እኔ ነኝ ብለው ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። በምረቃው ቀን ድንኳን ተጥሎ ሹማምንት ሲናገሩ እሳቸው ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ተቀምጠው ነበር አሉ። አሉ የምለው እኔ ስላልሄድኩ ነው። ድልድዩን አልረግጠውም ብዬ ምዬ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንዳልኩት ነው። ሚኒባስ ገባ፣ ባጃጅ ገባ። ኦቦ ቱሉ ላንድክሩዘራቸውን ሸጠው ወፍጮ ተከሉ። እኔ ሥራ አጥቼ ሰበታ መጋዘን ጥበቃ ገባሁ። ላንድሮቨሯ አዴ ብርቄ ግቢ የጭድ ክምር ተጠግታ ቆመች። ከስንት ጊዜ በኋላ ከአዲስ አበባ ወጣቶች መጥተው ገዟት። እነዚህ ልጆች እሑድ እሑድ እንደኛዋ ወንዝ ሲሻገሩ የኖሩ የቆዩ መኪኖችን ይዘው ወደ ሱሉልታ ኮረብታ የሚወጡ ናቸው፤ ትልልቅ ጎማ ያስሩላቸዋል፣ አየር መሳቢያውን በጣራው በኩል ያወጡታል፣ ከዚያ ሆን ብለው ጭቃ ውስጥ ይገባሉ፣ ይሰምጣሉ፣ ይጎታተታሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። እኛ ዕድሜያችንን ከጭቃ ለመውጣት ስንለፋ ኖርን፣ እነሱ ጭቃ ፍለጋ ነዳጅ ያቃጥላሉ። ይሄን ለአዴ ብርቄ ሳወራላቸው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «ምነው ቀድመው በመጡ፣ ይገፉልን ነበር» አሉ።

ልጆቹ ሲገዟት የመኪናዋን ታሪክ ንገሩን ብለዋቸው ነበር። የማን ነበረች፣ ስንተኛ ዓመቷ ነው፣ የት የት ሄዳለች። አዴ ብርቄ በሩን አሳዩዋቸው፣ ቀለሞቹን ቆጠሩላቸው። ስለ ወንዙ ግን አልነገሯቸውም። ለምን ብላቸው «ለጨዋታ ነው የወሰዷት፣ ምን ብዬ ላሳዝናቸው» አሉኝ።

እኔ ለበዓል ለበዓል እጠይቃቸው ነበር። ቤታቸው ወዲህ ማዶ ስለሆነ ድልድዩን መርገጥ አያስፈልገኝም። እየደከሙ ሲሄዱ እግራቸው እያበጠ መቆም አቃታቸው፤ ሐኪሙ ብርድ ነው አለ። ስንት ክረምት ያን ውሃ ገብተዋል። እኔም በንዴት «ይኸው፣ ያ ሁሉ ለማን ነበር?» አልኳቸው አንድ ቀን። ሻዩን ወደኔ ገፋ አድርገው «አሁንም ከድልድዩ ጋር ተጣልታችኋል?» አሉኝ።

ተጣልተናል አልኳቸው።

«እሱ አልተጣላህም እኮ» አሉ።

የመጨረሻ ንግግራችን ይሄ ነው።

ለቀብሩ ጠዋት ከሰበታ ወጣሁ። አዲስ አበባን በሁለት ታክሲ ተሻገርኩ፣ እንጦጦን ወጥቼ ወረድኩ፣ ሱሉልታ ላይ የማዶውን ሚኒባስ ያዝኩ። ያን ቀን መሐላዬን ማፍረሴ ነው። አስቤበት ነበር የመጣሁት፤ ድልድዩን ስናልፍ በመስኮት ወደ ታች አያለሁ፣ የቆምንበትን ቦታ አያለሁ፣ እንግዲህ ታረቅን እለዋለሁ ብዬ። አጠገቤ አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋ ተቀመጠች። እግሬን ስይዝ አይታ ያመዎታል እንዴ አለችኝ። የሷም እናት እንደዚሁ እንደሚያማት፣ ምን እንደምትቀባ፣ ከየት እንደሚገዛ ነገረችኝ። እኔ አልሠራልኝም አልኩ፣ እሷ አቀባቡን አላወቁበትም አለች። ስንከራከር መንገዱ አለቀ። ሕፃኑ ተኝቷል። ከፊታችን ያሉት ስልካቸውን ይነካካሉ፣ ከኋላ ያሉት ስለ ጤፍ ያወራሉ።

ረዳቱ «አባባ፣ የት ነው ወራጅ?» አለኝ።

«ድልድዩን ስታልፉ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ» አልኩት።

«ድልድዩን ካለፍነው ቆየን እኮ አባቴ። ቤተ ክርስቲያኑ ይኸው።»

ወረድኩ። ዞሬ አየሁ፤ መታጠፊያው ጋርዶታል፣ ምንም አይታይም። ተመልሼ ልየው አልኩ፣ እግሬ እምቢ አለኝ።

ግርማ ከቀባሪዎቹ መሐል በቁመቱ ይታያል። ከዚያ ክረምት ወዲህ ስለ ወንዙ አንድ ቃል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም፤ ወሬው ሲነሳ ወጥቶ ይሄድ ነበር። ጎንበስ ብሎ አቀፈኝ፣ ትከሻዬ ላይ አለቀሰ። ከዚያ ቀና አለና «በድልድዩ ነው የመጡት? አዩት?» አለኝ።

«አላየሁትም» አልኩት። «ከአንዲት ሴት ጋር ስለ እግሬ ስጨቃጨቅ አልፎኛል።»

ግርማ አየኝ። ከዚያ ከእንባው ጋር ሳቀ። «እማዬ ጋ ይምጡና ይንገሯት» አለኝ፤ እጄን ይዞ እየደገፈ፣ ገና አፈር ወዳልለበሰው መቃብር ወሰደኝ።